ለቁርጠት የሚወሰደው ጥምር ኪኒን፦ ስለ ሜፌናሚክ አሲድና ዳይሳይክሎሚን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በአንድ ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት የያዙ የቁርጠት ኪኒኖች በብዛት የሚመረቱት ህንድ ውስጥ ነው። በጣም የታወቀው ጥምረት 250 ሚሊ ግራም ሜፌናሚክ አሲድና 10 ሚሊ ግራም ዳይሳይክሎሚን ያለበት ሲሆን፣ «ሜፍታል ስፓስ» የሚባለው አንዱ ነው። ለህክምና ህንድ ደርሶ የተመለሰ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ይገኛል፤ በአረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችንም ከህንድ የሥራ ባልደረቦቻቸው እጅ ይቀበሉታል። አገር ቤት ሐኪም ለተመሳሳይ ህመም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ሃዮሲንን (ቡስኮፓን) ከዲክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር፣ ለየብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ኪኒን ቢውጡም ለየብቻ ቢውጡም ከዚህ በታች ያሉት ጥንቃቄዎች በአብዛኛው አይለወጡም።

ኪኒኑ ውስጥ ያሉት ሁለት መድኃኒቶች ምን ይሠራሉ?

ሜፌናሚክ አሲድ የአይቡፕሮፌንና የዲክሎፌናክ ዘመድ ነው፤ ህመምንና ብግነትን ይቀንሳል። በወር አበባ ጊዜ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ሲፈርስ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር በብዛት ይመነጫል። ማህፀንን ጨምድዶ የሚይዘውና ህመሙን የሚያባብሰው እሱ ነው። መድኃኒቱ ፕሮስታግላንዲን እንዳይመረት ያደርጋል እንጂ ቀድሞ የተመረተውን አያጠፋም፤ ህመሙ ከጠና በኋላ የተወሰደ ኪኒን የሚዘገየው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ያው ፕሮስታግላንዲን የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚከላከል፣ ወደ ኩላሊት የሚሄደውም ደም እንዳያንስ የሚያግዝ ነው። የዚህ መድኃኒት ጉዳት ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ይመነጫል።

ዳይሳይክሎሚን የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው። የአንጀት ጡንቻ እንዲኮማተር የሚያዘውን የነርቭ መልእክት ያግዳል፤ አንጀቱ ይላላል፣ ቁርጠቱም ይበርዳል። መልእክቱን የሚያግደው ግን አንጀት ላይ ብቻ አይደለም። የምራቅና የላብ ዕጢዎች፣ ዓይን፣ ፊኛና ልብም ይነካሉ። አንዳንድ ማሸጊያ ላይ ዳይሳይክሎቬሪን ተብሎ ቢያገኙት ያው መድኃኒት ነው።

ስለዚህ ኪኒኑ ለእርስዎ ይሆን እንደሆነ ሲያስቡ ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለብዎት፤ አንዱ ቢስማማዎት ሌላው ላይስማማዎት ይችላል።

ለየትኛው ቁርጠት ነው የሚሆነው?

ሌላ የማህፀን ችግር በሌለባቸው ሴቶች ላይ ለሚከሰት የወር አበባ ቁርጠት፣ እንዲሁም ሐኪም አይቶ ምክንያቱን ለለየው የሆድ ቁርጠት ነው። ለወር አበባ ህመም ዋናውን ሥራ የሚሠራው ሜፌናሚክ አሲዱ ነው፤ ዳይሳይክሎሚን መጨመሩ ብዙ ለውጥ እንደሚያመጣ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ህመምዎ የወር አበባ ብቻ ከሆነና አይቡፕሮፌን በጊዜው ሲወስዱት የሚያሽልዎት ከሆነ፣ ወደ ጥምሩ የሚሄዱበት ምክንያት የለም። አንድ መድኃኒት በቂ ሲሆን ሁለተኛውን መጨመር የጎንዮሽ ጉዳትን ብቻ መጨመር ይሆናል። ጥምሩ የተሻለ ቦታ የሚኖረው የማህፀኑ ህመም ከአንጀት ቁርጠት ጋር ተደርቦ ሲመጣ ነው።

ለሐሞት ጠጠርና ለኩላሊት ጠጠር ህመም ቤት ውስጥ በዚህ ኪኒን አይሞክሩ። ያ ህመም መርፌና ምርመራ ይፈልጋል።

ለወር አበባ ህመም መቼ ልጀምር? ስንት ልውሰድ?

ደሙ እንደታየ ወይም የመጀመሪያው የህመም ምልክት እንደተሰማ ይጀምሩ። ዑደትዎ የተስተካከለ ከሆነ ኪኒኑ ቀደም ብሎ ቦርሳዎ ውስጥ ይኑር፤ ቢሮ ወይም ክፍል ውስጥ ሆኖ «እስኪ ልቻለው» ማለት ህመሙ ሥር እንዲሰድ ጊዜ መስጠት ነው። ሜፌናሚክ አሲድ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከተዋጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተሻለኝ ብለው አይድገሙ።

ለአዋቂ የተለመደው አወሳሰድ አንድ ፍሬ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ነው። በመካከል ቢያንስ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይለፍ። ያለ ሐኪም ትእዛዝ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ3 ፍሬ አይለፉ። ብዙዎች የሚያስፈልጋቸው ለ2 ወይም ለ3 ቀን ብቻ ነው፤ ህመሙ ሲቆም ኪኒኑም ይቆማል፣ እንደ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እስኪያልቅ የሚወሰድ አይደለም። ሐኪም ሲያዝም ቢሆን ሜፌናሚክ አሲድ ለአጣዳፊ ህመም ከ7 ቀን በላይ አይሰጥም።

ሰዓት ላይ አንድ ስህተት ብዙ ጊዜ ይፈጠራል። «በየ8 ሰዓቱ» የተባለው «በ8 ሰዓት» ተብሎ ይሰማና ሰው በቀን አንዴ ብቻ፣ ከምሳ በኋላ፣ ይውጠዋል። በየ8 ሰዓቱ ማለት ለምሳሌ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት እና ማታ 5 ሰዓት ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ «መጀመሪያ 500 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 250 በየ6 ሰዓቱ» የሚል መመሪያ ሊያገኙ ይችላሉ። ያ ለብቻው ለተዘጋጀ ሜፌናሚክ አሲድ የተጻፈ ነው። ጥምሩን ሁለት ፍሬ አንድ ላይ ቢወስዱ ዳይሳይክሎሚኑም አብሮ እጥፍ ይሆናል።

አንዱ የመውሰጃ ሰዓት ቢያልፍዎትና ህመም ከሌለ ይተዉት፤ ህመም ካለ ያስታወሱ ጊዜ አንድ ይውሰዱና የሚቀጥለውን ከዚያ ይቁጠሩ። ለማካካስ ሁለት አይዋጥም።

አንድ ወስጄ አልተሻለኝም። ሌላ ማስታገሻ ልጨምርበት?

ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ጋር ነው። ጠዋት ጥምሩን ኪኒን የዋጠች ሴት ከሰዓት በኋላ ከጓደኛዋ አይቡፕሮፌን ትቀበላለች፤ ማታ ህመሙ ሲበረታ ክሊኒክ ሄዳ ዲክሎፌናክ መርፌ ትወጋለች። ሦስቱም የአንድ ወገን መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ በሌላው ላይ ሲደረብ ህመም የማስታገሱ አቅም እምብዛም አይጨምርም፤ የጨጓራ መድማትና የኩላሊት ጉዳት ግን ይጨምራል።

ከዚህ ኪኒን ጋር አብረው የማይወሰዱት አይቡፕሮፌን፣ ዲክሎፌናክ፣ ናፕሮክሲን፣ ኢንዶሜታሲን እና ለህመም የሚወሰድ አስፕሪን ናቸው። የጉንፋን ኪኒኖችና ዱቄቶችም አንዳንዴ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ስለሚይዙ ጀርባቸውን ያንብቡ። ቡስኮፓንም አብሮ አይሄድም፤ እሱ ከዳይሳይክሎሚን ጋር ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠራ አፍ መድረቁ፣ የሽንት መከልከሉና የልብ ምት መፍጠኑ ይደራረባል። ክሊኒክ ከሄዱ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት ምን እንደወሰዱና በስንት ሰዓት እንደወሰዱ ይናገሩ፤ ማሸጊያውን ማሳየት ደግሞ ከመናገር ይበልጣል።

መጨመር የሚቻለው ፓራሲታሞል ነው፤ የሚሠራበት መንገድ የተለየ ነው። ለአዋቂ ከ500 እስከ 1000 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4000 ሚሊ ግራም ሳያልፍ። የጉበት ችግር ያለበት፣ አልኮል አዘውትሮ የሚጠጣ ወይም ክብደቱ ከ50 ኪሎ በታች የሆነ ሰው ከዚህ ያነሰ መጠን ያስፈልገዋልና ባለሙያ ይጠይቅ። በእጅዎ ያለው ኪኒን ራሱ ፓራሲታሞል እንደሌለበት ግን መጀመሪያ ያረጋግጡ፤ ዳይሳይክሎሚንን ከፓራሲታሞል ጋር የያዙ ሌሎች የህንድ ኪኒኖች አሉ።

ሙቅ ውሃ የተሞላ ላስቲክ ወይም ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ እምብርት ሥር ማድረግ በእውነት ይረዳል። ከመድኃኒቱ ጋር የሚጋጭበትም ነገር የለም። ቆዳ እንዳያቃጥል ብቻ ይጠንቀቁ።

ምግብ ካልበላሁ መውሰድ እችላለሁ?

ባዶ ሆድ አይውሰዱ። ሙሉ ማዕድ አያስፈልግም፤ ቁራሽ ዳቦ፣ ጥቂት ቆሎ፣ ገንፎ ወይም አንድ ሙዝ ይበቃል። ከዚያ ኪኒኑን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ይዋጡት፤ ወዲያው አይጋደሙ። ባዶ ሆድ ላይ ቡና ጠጥቶ በላዩ ላይ ኪኒኑን ማስከተል የምናየው ልማድ ነው፤ ጨጓራው የታመመ ሰው ይህን በደንብ ይከፍልበታል።

ምግብ ማቃጠሉን ይቀንሳል እንጂ ቁስል እንዳይፈጠር ዋስትና አይሆንም። መድኃኒቱ ወደ ደም ከገባ በኋላም የጨጓራውን መከላከያ ያዳክማል። ኤች ፓይሎሪ ያለበት ሰው ላይ የቁስል ዕድሉ የበለጠ ነው፤ እኛ አገር ይህ ባክቴሪያ በብዙ ሰው ጨጓራ ውስጥ ስላለ «ጨጓራዬን ትንሽ ያመኛል» የምትለዋን ነገር እንደ ተራ አይዩዋት፣ ለፋርማሲ ባለሙያው ይንገሩ።

የአሲድ ማርከሻ ሽሮፕ ወይም የሚታኘክ ኪኒን ከወሰዱ ደግሞ በመካከል የ2 ሰዓት ያህል ልዩነት ይኑር። ማርከሻው የዳይሳይክሎሚንን ወደ ደም መግባት ሊቀንስ፣ ማግኒዥየም ያለበት ከሆነ ደግሞ የሜፌናሚክ አሲዱን ሊያፋጥን ይችላል።

በጾም ጊዜስ?

እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ የመጀመሪያውን ከማዕድ በኋላ፣ ሁለተኛውን ማታ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ እህል ቀምሰው መውሰድ ይቻላል። ጠዋት የሚበረታ ህመም ካለ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ በባዶ ሆድ ውጦ ሳይጠጡ መዋል ለጨጓራም ለኩላሊትም መጥፎ ነው። በረመዳን በወር አበባ ላይ ያለች ሴት ስለማትጾም ይህ አያስቸግራትም። በሌላ ምክንያት የሚወስድ ጾመኛ ግን ከኢፍጣርና ከሱሁር በኋላ፣ በቂ ውሃ ጠጥቶ ያድርገው።

ተቅማጥ ከቁርጠት ጋር ይዞኛል። ይህ ኪኒን ይሆናል?

አይሆንም። ይህን አጥብቀን የምንለው ሰው በብዛት የሚሳሳትበት ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ፣ ሜፌናሚክ አሲድ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል፤ ከታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶቹ አንዱ ነው። ለወር አበባ ወስደው ተቅማጥ ከጀመረዎት መድኃኒቱን ማቆም እንጂ የተቅማጥ መድኃኒት መጨመር መልስ አይደለም። ሁለተኛ፣ አንጀት የተመረዘ ምግብን ወይም ተሕዋስን ጠርጎ ሊያወጣ በሚታገልበት ሰዓት ዳይሳይክሎሚን እንቅስቃሴውን ያቀዘቅዘዋል። ደም ያለበት ተቅማጥና ትኩሳት ካለ ይህ አደገኛ ነው። ሦስተኛውና ከሁሉም የከፋው ውሃ ያጣ ሰውነት ነው፦ ተቅማጥና ትውከት ፈሳሹን ጨርሰውት እያለ ሜፌናሚክ አሲድ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ሲቀንሰው፣ ጤነኛ የነበረ ኩላሊት በጥቂት ቀን ውስጥ ሥራ ሊያቆም ይችላል።

ለእንዲህ ያለው ቁርጠት የሚጠጣው ኦ አር ኤስ ነው፤ አንዱን ከረጢት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ልክ፣ ብዙ ጊዜ በ1 ሊትር ንጹህ ውሃ፣ በጥብጠው ቀስ እያሉ ይጠጡ። ከዚያ የሰገራ ምርመራ ይደረግ። ጃርዲያ፣ አሜባ ወይም ወስፋት ያመጣውን ቁርጠት ማስታገሻ ሸፋፍኖ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም።

ጨርሶ መውሰድ የሌለበት ማን ነው?

በሜፌናሚክ አሲዱ ምክንያት፦ የጨጓራ ወይም የአንጀት ቁስል ያለበት ወይም ደም ያስታወከ፣ የኩላሊት ድካም ያለበት፣ ከባድ የልብ ድካም ወይም የጉበት በሽታ ያለበት፣ የልብ ደም ሥር ቀዶ ሕክምና በቅርቡ ያደረገ፣ የአንጀት ብግነት በሽታ ያለበት፣ እንዲሁም አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን ወስዶ አስም የተነሳበት፣ ፊቱ ያበጠ ወይም ቆዳው ያሳከከው ሰው።

በዳይሳይክሎሚኑ ምክንያት፦ ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ያለበት፣ ፕሮስቴቱ አብጦ ሽንት የሚያስቸግረው፣ አንጀቱ የተዘጋ ወይም መዘጋቱ የተጠረጠረ፣ ማያስቴኒያ ግራቪስ የሚባለው የጡንቻ መዛል በሽታ ያለበት፣ የምግብ ቧንቧው በአሲድ የተቆጣ ሰው። ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆቻችን ላይ ግራ መጋባትና መውደቅ ሊያስከትል ስለሚችል ለእነሱ ከራስዎ ማሸጊያ ቆርሰው አይስጡ።

አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ ለቆላው አገር፦ እንደ ድሬዳዋና አፋር ባሉ ደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የትኩሳት በሽታ) በሚከሰትባቸው ቦታዎች ትኩሳትና የሰውነት ቁርጥማት ሲመጣ ይህንንም ሆነ ሌሎቹን የዚህ ወገን ማስታገሻዎች አይንኩ። ደንጊ ላይ የመድማት አደጋ ይጨምራሉ። እዚያ የሚወሰደው ፓራሲታሞል ነው።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ወይም አጠባለሁ።

በእርግዝና ጊዜ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ማሳሰቢያ፣ ይህ የመድኃኒት ወገን ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ የፅንሱን ኩላሊት ሊጎዳና የሽርት ውሃውን ሊያሳንስ እንደሚችል ገልጿል። ከ30ኛው ሳምንት ገደማ በኋላ ደግሞ በፅንሱ ልብ አጠገብ ያለውን የደም ቧንቧ ያለጊዜው ሊዘጋ ይችላል። የምታጠባ እናት የምትከለከለው በዳይሳይክሎሚኑ ነው፤ ወደ ወተት ያልፋል፣ ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ላይ ደግሞ የመተንፈስ ችግር ማምጣቱ ይታወቃል።

ለማርገዝ እየሞከሩ ከሆነ በወር አበባ ቀናት መውሰዱ አያሳስብም፤ በዑደቱ መካከል በተከታታይ መውሰድ ግን እንቁላል የሚወጣበትን ጊዜ ሊያዘገይ ይችላል። መድኃኒቱ ሲቆም ይስተካከላል።

ከሌሎች መድኃኒቶቼ ጋር ይጋጫል?

ከብዙዎቹ ጋር። የደም ማቅጠኛ (ዋርፋሪን)፣ የልብ አስፕሪን፣ ፕሬድኒሶሎንና እንደ ፍሉኦክሰቲን ያሉ የድብርት መድኃኒቶች ከእሱ ጋር ሲሆኑ መድማትን ያባብሳሉ። የልብ አስፕሪንዎን ግን ለዚህ ብለው በራስዎ እንዳያቋርጡ። ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚወስድ የደም ግፊት ታማሚ ሦስተኛ አድርጎ ይህን ሲጨምር ኩላሊቱ ከሦስት አቅጣጫ ይጫናል፤ ግፊቱም ከፍ ይላል። ቴኖፎቪር ያለበት የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ኩላሊታቸው እንዳይጎዳ መጀመሪያ ሐኪማቸውን ያማክሩ። ሊቲየምና ሜቶትሬክሴት በደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ሊከማቹ ይችላሉ።

በዳይሳይክሎሚን በኩል የሚጋጩት አሚትሪፕቲሊን፣ ፕሮሜታዚንና ክሎርፌኒራሚን ያለባቸው የአለርጂና የጉንፋን ኪኒኖች ናቸው፤ እንቅልፉና ድርቀቱ ይደራረባል። አልኮል ሁለቱንም መድኃኒቶች ያባብሳል። ጫት የልብ ምት ያፈጥናል፣ ዳይሳይክሎሚንም እንዲሁ፤ አብረው አይሁኑ። የእርግዝና መከላከያ ኪኒን፣ መርፌና በክንድ የሚቀበረው ግን ኃይላቸው አይቀንስም።

አፌ ደረቀ፣ ዓይኔም ብዥ አለ። ላቁም?

አፍ መድረቅ፣ ቀላል ማዞር፣ የዓይን ብዥታ፣ መፍዘዝና የሆድ ድርቀት ዳይሳይክሎሚን የሚያመጣቸው የሚጠበቁ ነገሮች ናቸው፤ መድኃኒቱ ሲወጣ ይሄዳሉ። እስኪያልፉ መኪናም ሞተርም አይንዱ፣ ቢላዋና የሚሽከረከር ማሽን ላይ አይሥሩ። ላብ ስለሚቀንስ በሙቀት የመመታት አደጋ አለ። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በከባዱ ሙቀት ወራት ደጅ የሚሠራ ወይም አየር በሌለው ማድ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ይህን በቁም ነገር ይያዘው፤ ቆዳው ግሎ ላብ ካጣ፣ ራሱን ካዞረው፣ ወዲያው ጥላ፣ ውሃና እርዳታ ያስፈልገዋል።

ወዲያው ኪኒኑን አቁመው ወደ ሕክምና የሚያስሄዱት ሌሎች ናቸው፦ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ ደም ያለበት ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ የከንፈር ወይም የፊት እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከባድ የዓይን ህመም፣ ሽንት እምቢ ማለት ወይም በጣም ማነስ፣ የዓይን ቢጫ መሆን።

ሽፍታን በተመለከተ የህንድ ፋርማኮፒያ ኮሚሽን በኅዳር 2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ስለ ሜፌናሚክ አሲድ የደህንነት ማሳሰቢያ አውጥቷል። ጉዳዩ «ድሬስ» ተብሎ የሚጠራ ከባድ የአለርጂ ዓይነት ነው፤ በቆዳ ላይ ሽፍታ፣ ትኩሳት፣ የንፍፊት እብጠት ይታይና የውስጥ አካላትን፣ በተለይ ጉበትን ይጎዳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው መድኃኒቱ ከተጀመረ ከ2 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ስለሆነ ሰው ከኪኒኑ ጋር አያያይዘውም። ሽፍታና ትኩሳት አብረው ከመጡ ባለፉት ሁለት ወራት ይህን ኪኒን መውሰድዎን ለሐኪሙ ይንገሩ።

ለላቦራቶሪ አንድ ነገር፦ ሜፌናሚክ አሲድ በአንዳንድ የሽንት ምርመራ ላይ ሐሞት ያለ ሊያስመስል ይችላል። ናሙና ሲሰጡ ይጥቀሱት።

ለልጄ ሆድ ቁርጠት ግማሹን ብሰጣትስ?

አይስጧት። ኪኒኑ ለአዋቂ የተለካ ነው፤ መስበር የልጅ መጠን አያደርገውም። የሕፃን ቁርጠት ላይ ዳይሳይክሎሚን አደገኛ መሆኑን ከላይ ጠቅሰናል። የወር አበባ የጀመረች ታዳጊ ህመሙ ትምህርት የሚያስቀራት ከሆነ የሚበጃት ሐኪም አይቷት በክብደቷና በዕድሜዋ የሚታዘዝላት ነው።

ለባት መሸማቀቅስ?

አይሠራም። ዳይሳይክሎሚን የሚያላላው የሆድ ዕቃን ጡንቻ ነው፤ የእግር ጡንቻ በሌላ ሥርዓት ነው የሚታዘዘው። ማሳሳብ፣ ማሸትና ውሃ መጠጣት ይሻላል።

ቁርጠቱ ሌላ በሽታ ሊሆን እንደሚችል በምን አውቃለሁ?

እምብርት አካባቢ ጀምሮ ወደ ቀኝ የታችኛው ሆድ የሄደና እየጸና የሚመጣ ህመም ትርፍ አንጀት ሊሆን ይችላል። የወር አበባ ዘግይቶ በአንድ ጎን የሚወጋ ህመም፣ ማዞር ወይም የትከሻ ጫፍ ህመም ካለ ከማህፀን ውጭ የተፈጠረ እርግዝና ሊሆን ስለሚችል አንድ ሰዓትም ሳይጠብቁ ሆስፒታል ይድረሱ። ትኩሳትና ሽታ ያለው ፈሳሽ የማህፀን ኢንፌክሽንን ያመለክታል። ሆድ ነፍቶ፣ አየርም ሰገራም አልወጣ ብሎ ትውከት ካለ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። በእነዚህ ሁሉ ላይ ማስታገሻ ምልክቱን ሸፍኖ ጊዜ ያስባክናል።

ቀስ ብለው የሚመጡም አሉ። ቀድሞ ሳያምም ኖሮ ከ25 ዓመት ዕድሜ በኋላ የጀመረ፣ በየወሩ እየባሰ የሚሄድ፣ ደሙ ካለቀ በኋላም የሚቀጥል፣ ወይም በግንኙነት ጊዜ የሚያም ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ሽፋን መሰል ሕዋስ ከማህፀን ውጭ ማደግ)፣ ማዮማ (የማህፀን ዕጢ) ወይም ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። «ሴት ልጅ እንዲህ ናት፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ተብለው ለዓመታት የቆዩ ሴቶች ብዙ ናቸው። በትክክል የተወሰደ ማስታገሻ በሁለት ወይም በሦስት ዑደት ካላሻለ መመርመር መብትዎ ነው፤ አልትራሳውንድ ይጠይቁ።

በስህተት ብዙ ተዋጠ። ምን ይደረግ?

ሜፌናሚክ አሲድ ከመጠን ሲያልፍ ከሌሎቹ የዚህ ወገን መድኃኒቶች ይልቅ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ ያመጣል፤ ዳይሳይክሎሚን ደግሞ የዓይን ብሌን ያሰፋል፣ ቆዳን ያደርቃል፣ ልብን ያፈጥናል፣ ያቃዣል። ደህና ቢመስልም አይጠብቁ፣ አያስታውኩ፣ ወተትም አያጠጡ። ማሸጊያውንና የቀሩትን ፍሬዎች ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ በሳዑዲ 997፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶች 998፣ በሊባኖስ 140፣ በአሜሪካ 911 ነው።

ስማቸው የሚመሳሰሉ ኪኒኖችን እንዴት ልለይ?

በንግድ ስሙ አይተማመኑ፤ ከስሙ ሥር በትንሹ የተጻፈውን የመድኃኒት ስምና ሚሊ ግራም ያንብቡ። «ሜፍታል» የሚለው ስም ብቻውን ሜፌናሚክ አሲድ ለያዘውም፣ ፓራሲታሞል ለተጨመረበትም ይውላል። ከሁሉም በላይ ስማቸው በ«ስፓዝሞ» የሚጀምሩትን ይመርምሩ፦ ከዳይሳይክሎሚንና ከፓራሲታሞል ጋር ትራማዶል የተጨመረባቸው አሉ። ትራማዶል ሱስ ያስይዛል፤ በሳዑዲና በኤምሬቶች ጥብቅ ቁጥጥር ያለበት በመሆኑ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይዞ መገኘት እስር ሊያስከትል ይችላል። ከሰው የተቀበሉትን፣ ግማሹ የተቆረጠና ስሙ የጠፋ ማሸጊያ ይዘው አውሮፕላን ማረፊያ አይሂዱ።

ጊዜው ማለፉን እንዴት አውቃለሁ? የትስ ላስቀምጠው?

ማሸጊያው ላይ የታተመው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። 06/2026 ቢል አገልግሎቱ የሚያበቃው ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው እንጂ በእኛ 2026 ላይ አይደለም። ወርና ዓመት ብቻ ሲጻፍ እስከዚያ የፈረንጅ ወር የመጨረሻ ቀን ማለት ነው። ፍሬዎቹን ሲቆርጡ ቀኑ የታተመበትን ጫፍ በመጨረሻ ያስቀሩት።

ከ30 ዲግሪ በታች፣ ደረቅ ቦታ፣ ከልጆች እጅ የራቀ ቦታ ላይ ያስቀምጡ፤ ምድጃ አጠገብ ያለ መደርደሪያና የመኪና ኪስ አይሆኑም። ቀለሙ የተቀየረ፣ የሚፈረፈር ወይም ማሸጊያው የተቀደደ አይዋጥ። ፈቃድ ካለው ፋርማሲ ይግዙ፤ የሚያጠራጥር መድኃኒት ሲያጋጥምዎት ወይም ጉዳት ሲያደርስብዎት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 ያሳውቁ፣ ማሸጊያውም ላይ ያለው የምርት መለያ ቁጥር በእጅዎ ይኑር።